አንድ መስመር ያጣው ሞንጎልኛ

ቀን፦ ጋዜጣው የሚዘጋበት ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ቁጥር፦ ከሞንጎልኛ ክፍል ለሚወጣ ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶ ስለማያውቅ ቦታው ክፍት ተትቷል

ለክቡር የእስያ ጥናት ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ባለፈው ወር ከኮሪያ የመጡትን እንግዶች አንድ በአንድ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲቀበሉ ያዝ ያደረገዎት ወገብ እንደ ተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ያሉት አበቦችም ሳይቀሩ ደህና ይሆኑልኝ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከትናንት በስቲያ በጸሐፊዎ እጅ የላኩልኝን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ የጎረስኩት አልዋጥ እያለኝ መቸገሬን ካልቆጠርነው በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ደብዳቤዎ አጭርና የማያሻማ ነው። "ዜናና ክንውኖች" በተሰኘው ወርኃዊ ጋዜጣችን ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ያልወጣለት ቋንቋ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሚዘጋው እትም ስለ ሞንጎልኛ የሚነገር ነገር ካልተገኘ ትምህርቱ ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ይቀራል፤ የማስተምርበት ክፍል ቁጥር አሥራ አራትም ለኮሪያ ባህል ማሳያ ይሰጣል ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት በአራት መስመር አለቀ። እኔ እንደ እርስዎ አሳጥሮ የመጻፍ ስጦታ ስለሌለኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ። ምስጋና ደግሞ በሰው ፊት ሲሆን ይደምቃልና እያንዳንዱን ገጽ እንደ ጨረስኩ መተላለፊያው ላይ ባለው የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ደንቡ አመሰግናለሁ። የማያውቁ አንባቢዎች እንዲከተሉን ያህል፣ የ"ዜናና ክንውኖች" አዘጋጅ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አራቱን ገጽ የምሞላው፣ የማርመው፣ የማባዛውና የምለጥፈው እኔው ነኝ። ሥራው የተሰጠኝ "አንተ ተማሪ ስለሌለህ ጊዜ አለህ" ተብዬ ነበር፤ ያኔም አመስግኛለሁ። ደንቡን ያወጡት ግን እርስዎ ነዎት። አሁን ጡረታ የወጡት የቻይንኛ መምህር የገዛ ልደታቸውን ሦስት ዓመት በተከታታይ በፊት ገጽ ላይ ካወጡ በኋላ፣ ማንም ሰው ስለ ራሱ ዜና እንዳያቀርብ ከለከሉ። ዜና የሚወጣለት ባልደረባው የጻፈለት ሰው ብቻ ነው፤ ጽሑፉ በፖስታ ይታሸጋል፣ ከፖስታው ጀርባ የአቅራቢው ስም፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥሩና ቀኑ ይሰፍራል፣ ስለ ማን እንደ ተጻፈ ግን አዘጋጁ ከፍቶ እስኪያነብ ድረስ ማንም አያውቅም። አዘጋጁም ቢሆን ስለ ራሱ አንዲት ቃል አይጽፍም።

በዚህ ግሩም ደንብ መሠረት ባለፉት ሁለት ዓመታት ስለ ኮሪያኛ መምህርታችን ሠላሳ አንድ ዜና ወጥቷል። ሠላሳ አንዱንም ያረምኩት እኔ ነኝ። የጃፓንኛው መምህር ጻፉላቸው፤ ጸሐፊዋ ጻፈችላቸው፤ እርስዎ ራስዎ ሰባት ጊዜ ጻፉላቸው፤ እኔም "ደማቅ" የሚለውን ቃል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ፊደሉን አስተካክዬ አሳለፍኩ። ስለ ሞንጎልኛ የጻፈ ግን የለም። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ከእርስዎ ጋር ስንገናኝ "ራስህ ታዘጋጀዋለህ፣ ራስህ የለህበትም እኮ!" ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቄ ምድር ቤት እስክደርስ ድረስ አብሮኝ ነበር።

፪. ስለ ክፍል ቁጥር አሥራ አራት አመሰግናለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስላስቀመጡኝ ማለቴ ነው። ጣሪያው በስተግራ ጥግ ያፈሳል፤ ባልዲ አለኝ። መስኮቱ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፤ ካርቶን አለኝ። ከግድግዳው ጋር የተደረደሩት አሥራ ሰባት የጫማ ካርቶኖች ግን ለዝናቡም ለመስኮቱም አይደሉም። በውስጣቸው በእጄ የጻፍኳቸው ከስድስት ሺህ በላይ ካርዶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ የሞንጎልኛ ቃል፣ ትርጉሙና አገባቡ አለ። ሲያልቅ መዝገበ ቃላት ይሆናል። እርስዎ አያውቁም ብዬ አልልም፤ አንድ ጊዜ ጎራ ብለው "ጫማ መነገድ ጀመርክ እንዴ?" ብለውኛል።

ባለፈው ሰኞ ካርድ እየጻፍኩ ሳለ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው ገቡና ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ግድግዳውን ለኩ። ከበሮው የት እንደሚቆም፣ ልብሱ የት እንደሚሰቀል ተነጋገሩ። አንደኛው ሜትሩን ዘርግቶ ጫፉን እንድይዝለት ሰጠኝ። ያዝኩለት።

፫. ስለ ተማሪዎቼ ቁጥር ስለሚያደርጉት ርኅራኄ የተሞላ ክትትል አመሰግናለሁ። በዚህ መንፈቅ ለኮሪያኛ የተመዘገቡት መቶ አርባ ሦስት ናቸው። ወንበር ስላልበቃቸው ከእኔ ክፍል ስድስት ወንበር ተውሰዋል፤ ስድስቱም እንደ ወጡ ቀርተዋል። እኔ ያሉኝ ሦስት ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ፈረስ የምትወድ ልጅ ናት። ሁለተኛው ማሌይኛ ልማር ብሎ በር ተሳስቶ ገብቶ፣ ተመልሶ መውጣቱ አሳፍሮት የቀረ ነው፤ አሁን ከሁሉ የተሻለ ያነባል። ሦስተኛው በሠራተኛ የነጻ ትምህርት ዕድል የተመዘገበ ስለሆነ መዝገብ ቤት የላከልኝ የሠራተኛ መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልመጣም። አሥራ አንድ ጊዜ ስም ጠርቼ፣ ማለትም ቁጥር ጠርቼ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ቀሪ አድርጌበታለሁ። ማን እንደሆነ ባላውቅም ሊሳለቅብኝ የተመዘገበ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም።

ከመቶ አርባ ሦስቱ አንዷ ታላቋ ልጄ ናት። ገና ስትድህ በጣቷ የሞንጎልኛ ፊደል ያስያዝኳት ልጅ ዛሬ ቁርስ ላይ በኮሪያኛ እንደምን አደርክ ትለኛለች። ባለቤቴ ታያለች፣ ትስቃለች። አማቴ ደግሞ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ካላዩ ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም፤ በቀደም ዕለት "ያቺ ኮሪያኛ የምታስተምረው ሴት ያንተ መሥሪያ ቤት ናት አሉ፤ ታውቃታለህ?" ብለው ጠየቁኝ። አማቻቸው ከሆንኩ ከሃያ ዓመት ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ስለዚህ እኔም ዝም አላልኩም። ክፍለ ጊዜዬን ከማክሰኞ ጠዋት አንስቼ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልክ ኮሪያኛ በሚሰጥበት ሰዓት ላይ አደረግሁት። ተማሪ ሁለት ቦታ መርገጡን ትቶ አንዱን ይምረጥ ብዬ ነው። መረጠ።

፬. ስለ ዐውደ ርዕዩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመንፈቁ አጋማሽ የእስያን ጽሕፈቶች ለማሳየት በተዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ላይ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት የኮሪያኛ መምህርታችን ከእኔም አንድ ጽሑፍ እንዲሰቀል ጠየቁ። ሦስት ሳምንት ለፍቼ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ጽሑፍ በብሩሽ ጻፍኩ። ሞንጎልኛ በጥንቱ ፊደሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጽሕፈት ነው፤ ይህን እንኳን የእስያ ጥናት ክፍል፣ ፈረስ የምትወደዋም ልጅ በመጀመሪያው ቀን አውቃዋለች። በመክፈቻው ጠዋት ስገባ ጽሑፌ በሁለት የኮሪያ ማራገቢያዎች መካከል በጎኑ ተጋድሞ ተሰቅሏል። ፍራሽ ላይ ተኝቶ ስብሰባ የሚመራ ሰው መስሏል። ለማንም አንዲት ቃል ሳልናገር ወጣሁ፣ ቤቴ ሄድኩ፣ ስልኬን ዘጋሁ፤ በማግስቱ ስከፍተውም ከጸሐፊዋ ጋር እንኳ አላወራሁም። ኮሚቴው የሞንጎልኛን ቦታ በዚያ መልክ ስላሳየኝ አመሰግናለሁ።

፭. ለእንግዶቹ አቀባበል ማይክሮፎን እንድይዝ ስለ መረጡኝ አመሰግናለሁ። ረጅም ክንድ ካላቸው መምህራን መካከል መመረጥ ቀላል ነገር አይደለም።

፮. አሁን በመልካም አጻጻፍ የማይገባ ነገር ልጻፍ ነው፤ እርስዎ ግን ቸር ስለሆኑ ያልፉኛል። የኮሪያኛ መምህርታችንና እኔ በአንድ ቀን የተቀጠርን፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ስድስት ዓመት የተቀመጥን ሰዎች ነን። እርሳስ ተዋውሰናል፤ በአንድ ጃንጥላ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሄደናል። አንተና አንቺ ነበር የምንባባለው። እሳቸው ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆኑ ዕለት እኔ "እርስዎ" ማለት ጀመርኩ፤ እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው፣ "ዎ"ዋን ረገጥ አድርጌ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር መጣና ሄደ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አንተ ይሉኛል። ይህንንም እንደ ንቀት ቆጥሬ ይዤዋለሁ።

ቀንቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ለአሥር ዓመት በሌላ ስም ስጠራው ኖሬአለሁ፤ የሥራ ጥራት ብዬዋለሁ፣ የትምህርት ክብር ብዬዋለሁ፣ ጨጓራ ብዬም ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ቅናት ነው። በመተላለፊያው ሲያልፉ ተማሪዎች ሲከተሏቸው ሳይ፣ በሩ ላይ ወረፋ ሲያዝላቸው ሳይ፣ የእኔን ጥናት ማንም ሳይጠይቅ እሳቸው ቡና ቤት ውስጥ የራሳቸውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግረው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲሰጣቸው ሳይ አንጀቴ ያርራል። ከዚህ በላይ የሚያሳርረኝ ደግሞ እሳቸውን መጥፎ ናቸው ማለት አለመቻሌ ነው። ብዙ ሞክሬአለሁ።

፯. በመጨረሻም ስለ ሚዛን። እንዲህ ብቀናም ሚዛን የመጠበቅ ኃላፊነቴን ዘንግቼ አላውቅም። የኮሪያኛ መምህርታችን ሠላሳ አንዱ ዜና አልበቃ ብሏቸው በስማቸው ፖስታ ያመጣሉ። ስለ ራሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ ስለ መቶ አርባ ሦስቱ ተማሪዎቻቸው ዘፈንና ውድድር የጻፉት መሆኑን ለመገመት ፖስታውን መክፈት አያስፈልግም፤ እኔም አልከፈትኩም። ስማቸውን እንዳየሁ በደረሰበት ቀን "ዘግይቶ የደረሰ" የሚለውን ማኅተም መትቼ በታችኛው መሳቢያ አስቀምጣለሁ። አንድ ጊዜ መጥተው "ያመጣሁት አልወጣም?" አሉኝ። "ቦታ ጠበበ" አልኳቸው። "እሺ፣ ሌላ እጽፋለሁ" ብለው ሄዱ፤ ጻፉም። አንድ ትምህርት አራቱን ገጽ ብቻውን ለመዋጥ ምን ያህል እንደሚስገበገብ አንባቢ በዓይኑ እንዲያይ፣ ፖስታዎቹን ቆጥሬና ከፍቼ በአባሪነት ከዚሁ ጋር አያይዛለሁ።

(እስከዚህ ያለው ሦስት ገጽ ሲሆን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሰሌዳው ውስጥ ተለጥፏል።)

ገጽ አራት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ገጽ በሌላ ቀለም የተጻፈው የመጀመሪያው እስክሪብቶ ከእጄ ወድቆ ጫፉ ስለ ተጣመመ ነው።

ፖስታዎቹ ዘጠኝ ናቸው። የመጀመሪያውን ስከፍት የጠበቅሁት የዘፈን ውድድር ነበር። እንዲህ ይላል፦ "የሞንጎልኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ በዚህ ወር አምስት ሺህኛውን ካርድ ጽፈዋል። ቃሉ ፈረስ ከመጫኑ በፊት የሚደረገውን ማባበል የሚገልጽ ነው።" ያን ቃል ያገኘሁ ቀን ሻይ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ተናግሬ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለ አዲሱ የፎቶኮፒ ማሽን ያወራ ስለነበር ማንም እንዳልሰማኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሁለተኛው ፖስታ በር ተሳስቶ የገባው ልጅ በሦስተኛው ወሩ አንድ ሙሉ ተረት ሳይሰናከል ስለ ማንበቡ ነው። ሦስተኛው፣ አንድ የሩቅ አገር የሞንጎልኛ ሊቅ ካርዶቼን አድንቀው ስለ ጻፉልኝ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን በክፍሌ በር ላይ ሁለት ቀን ለጥፌው ሰው ሳያየው አነሳሁት ብዬ አስቤ ነበር። አራተኛው ስለ ባልዲው ነው። በሚያፈስ ክፍል ውስጥ አንድም ካርድ ሳይበሰብስ ስድስት ክረምት ስለ ማለፉ ይተርካል፤ ጣሪያው እንዲጠገንም በጨዋ ቃል ያሳስባል። አምስተኛውን ሳነብ ተቀመጥኩ። ስለ ዐውደ ርዕዩ ነው። የሰቀሉት ሰዎች ተሳስተው ያጋደሙት የሞንጎልኛ ጽሑፍ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተስተካክሎ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ሰው ከፊቱ ተኮልኩሎ ማየቱን፣ ጸሐፊው በስልክ ቢፈለጉም ሊገኙ አለመቻላቸውን ይገልጻል። ማን መሰላል ላይ ወጥቶ እንዳስተካከለው አይናገርም። ደንቡ ስለ ራስ መጻፍ ይከለክላል።

አጻጻፋቸው ከእኔ አጻጻፍ ይሻላል። ዘጠኙም ውስጥ "ደማቅ" የሚል ቃል የለም። በዚህም ቀናሁ።

ሌሎቹን እያነበብኩ ሳለ ሦስቱ ገጾች ትዝ አሉኝና ወደ ሰሌዳው ሮጥኩ። ሰሌዳው እንደሚያውቁት ተቆልፎ የሚቀመጥ ነው፤ ቁልፉን ለጸሐፊዋ መልሼላታለሁ፤ ጸሐፊዋ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ገብታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትወጣም ተባልኩ። ከሰሌዳው ፊት ሃያ የሚሆን ተማሪ ቆሟል። ታላቋ ልጄ ከፊት ናት፤ ሦስተኛው ተራ ቁጥር ላይ ደርሳለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ከአጠገቧ የኮሪያኛ መምህርታችን የክፍል መዝገባቸውን ታቅፈው እያነበቡ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ መጨረሻው መስመር በእርጋታ አነበቡ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና፦

"ገጽ አራት የታለ?" አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበርና ወደ ክፍላቸው ገቡ። እኔም ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሁለቱ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነበር፤ ለጊዜው ስም መጥራቱን ተውኩትና የቀሩትን ፖስታዎች በፊታቸው ከፈትኩ።

ዘጠነኛው ከአምስት ቀን በፊት የመጣ ነው። ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ዜና ነው፦ "የክፍላችን አንድ ባልደረባ በዚህ መንፈቅ ሞንጎልኛ ለመማር ተመዝግቧል። ሰዓቱ ከሚያስተምርበት ሰዓት ጋር ስለ ተጋጨ እስካሁን ሊገኝ አልቻለም፤ ሆኖም ፊደሉን በግሉ እያጠና ነው።" ሁለተኛው ከሥር ለአዘጋጁ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ "ቦታ ከጠበበ ስለ እኔ የተጻፈውን አንስተህ ይህን አስገባ።"

ፈረስ የምትወደዋ ልጅ ፖስታውን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን መለያ ቁጥር አየች፤ የስም መጥሪያዬን ሳበችና አጠገቡ አደረገችው። ከዚያ ሁለቱንም ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ወደ መስኮቱ ማየት ጀመረች። አሥራ አንድ ጊዜ ቀሪ ያደረግኩት ቁጥር ነው። ሰዓቱን ያጋጨሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከላይ በተራ ቁጥር ሦስት ላይ በኩራት ጽፌዋለሁ፤ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለመሰረዝ ቁልፉን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ እችል ነበር። አልጠብቅም። ምክንያቴን እነሆ። ዘጠኙም ፖስታዎች ላይ "ዘግይቶ የደረሰ" የሚል ማኅተም አለ፤ በደንብዎ መሠረት ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ዜና አይቆጠርም። ማኅተሞቹ ዘጠኙም ውሸት ናቸው። የመታኋቸው እኔ ነኝ፤ የመታኋቸውም ፖስታዎቹ በሰዓታቸው በደረሱበት ቀን ነው፤ በጀርባቸው ያለው ቀንም በእሳቸው እጅ የተጻፈ እውነተኛ ቀን ነው። ይህን የሚመሰክር ሌላ ሰው ስለሌለ ከላይ ያሉት ሦስት ገጾች ምስክር ሆነው በያሉበት ይቀመጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞንጎልኛን መስመር ያሳጣው እርስዎ አልነበሩም፣ የጃፓንኛው መምህርም አልነበሩም፤ የሞንጎልኛ መምህር ነበር። ስለዚህ የሚቀጣ ካለ አዘጋጁ ይቀጣ፤ ክፍል ቁጥር አሥራ አራት ግን ምንም አላጠፋም።

ስለሆነም ደንቡ የእርስዎ ነው፣ ዜናው ዘጠኝ ነው፣ ሰዓቱም ገና ነው። ከሁለቱ ተማሪዎቼ ጋር ሆነን አንዷ እያነበበች፣ አንዱ እያረመ፣ እኔ እየጻፍኩ የዛሬውን እትም ጨርሰናል። አራቱም ገጽ ስለ ሞንጎልኛ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ በሁለት እጄ በበርዎ ሥር አሳልፌ አስገባዋለሁ፤ የፈረሙበትን ደረሰኝ ለመቀበልም በሩ ላይ እቆማለሁ። ክንዴ ረጅም ስለሆነ እጄን ዘርግቼ መቆሙ አያደክመኝም።

እርስዎ ስለ እንግዶቹ አቀባበል የጻፉት ሁለት ገጽ፣ ጎንበስ ካሉበት ፎቶግራፍ ጋር፣ ቦታ በመጥበቡ ምክንያት ለሚቀጥለው እትም ተላልፏል። ለጊዜው በታችኛው መሳቢያ በክብር ተቀምጧል፤ መሳቢያው አሁን ባዶ ስለሆነ በቂ ቦታ አለው። ማኅተም አልመታሁበትም።

ይህን ረጅም ምስጋና በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ወይም ጸሐፊዎ አንብባ በአጭሩ ስለምትነግርዎ፣ ወገብዎ ፈጽሞ እንዲሻልዎ፣ ደንብዎም እንዲጸና እየተመኘሁ፣ በባልዲውና በካርቶኖቹ መካከል ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

በጽሑፍ አንድም ጊዜ ያልታየው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን በዘጠኝ ቦታ የታየው፣
የ"ዜናና ክንውኖች" አዘጋጅና የሞንጎልኛ መምህር

አባሪ፦ ዘጠኝ ፖስታ

ግልባጭ፦
- ለመዝገብ ቤት፤ ሰዓት የቀየርኩበት ቅጽ እንዲሰረዝልኝ
- ሜትር ይዘው ለመጡት ሁለት ሰዎች፤ ክፍሉ ተይዟል
- ለታላቋ ልጄ፤ ነገ ቁርስ ላይ በኮሪያኛ እንዴት እንደሚመለስ እንድታስተምረኝ
- ለአማቴ፤ አዎን፣ አውቃታለሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ለተማሪ ቁጥር ሦስት ነው። ክፍለ ጊዜው ወደ ማክሰኞ ጠዋት ተመልሷል። በር ላይ ወረፋ የለም፣ ወንበር ግን ስለሌለን ከወሰድሻቸው ስድስቱ አንዱን ይዘሽ ነይ። አሥራ አንዱ ቀሪ እንደ ተመዘገበ ይቆያል፤ አዘጋጁ ቀናተኛ ቢሆንም መዝገብ አያበላሽም። አሥራ ሁለተኛውን እንዳትቀሪ።